ሁለት መቶ ፍሬም

ቀኑን ሙሉ የሰው ሠርግና የሰው መኪና ግጭት ቪዲዮ ሳጠራ ውዬ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሳ ጋሼ ፍላሽ ይዞ ገባ። ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው፤ ያሳደገኝም እሱ። የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ዕቃ በጠፋበት ቀን ሰዓትህ ሳይደርስ ቆልፈህ ሄደሃል ተብሎ ሊባረር ነው። ማስረጃ ካለህ እስከ ነገ አምጣ ብለውታል።

«በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?» አለኝ።

ፍላሹ ላይ ያለው የመጋዘኑ የጥበቃ ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ ነው። ካሜራው ምስሉ ላይ የሚጽፈው ሰዓት የማይረባ ነው፤ ዓመቱን እንኳ ስቷል። ግን ጋሼ በሩን ሲቆልፍ ከበላዩ የግድግዳ ሰዓት ይታያል፤ ከጥግ ስለተቀረጸ ተንጋዶ እንቁላል መስሏል። አጠገቡ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ አራት ማዕዘን ተመርቼ ግድግዳውን አቃናሁት። ከዚያ የስምንት ሰከንዱን ቪዲዮ፣ ሁለት መቶ ፍሬም፣ ማለትም ሁለት መቶ ነጠላ ምስል፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩ። አንዱ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄው ነው።

«አስራ ሁለት ከአምስት!» ብዬ ጮህኩ። የጋሼ መውጫ አስራ ሁለት ሰዓት ነው። ወዲያው ለሚስቱ፣ ለእትዬ፣ ደወለ፤ አላነሳችም።

እኔ ግን ምስሉን ደግሜ ሳየው ደስታዬ ቀዘቀዘ። ፍሬም ሲደረብ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሟሟል፤ የጋሼ እጅ ጭስ ሆኗል። ስምንት ቦታ መታየት የነበረበት የሰከንድ ቆጣሪ ግን አንድ ቦታ እንደ መርፌ ጠርቶ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰዓት ቆሟል እኮ።»

ዘጠኝ ዓመት ከሥሩ የተቀመጠ ሰው እንዴት አያውቅም? ተናደድኩ፤ አንጀቴንም በላው።

«ባትሪው ካለቀ ወር አልፎታል» አለ። «የእትዬሽን መድኃኒት ፋርማሲው ሳይዘጋ ልግዛ ብዬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ያን ቀን ብቻ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዱን ፍሬም ብቻ ብታትሚልኝስ? መቆሙን ማን ያውቃል?»

እውነቱን ነው። ከተቃና አንዱ ፍሬም ብቻውንም በግድ ይነበባል፤ በፎቶ ላይ ደግሞ ሰዓት ሁሉ የቆመ ነው።

«አልችልም፣ ጋሼ» አልኩት።

ስልኩ ጠራ። እትዬ ናት። ጋሼ ስሟን አየና ስልኩን ወደ እኔ ገፋው።

«አንቺ ንገሪያት። በእሷ መድኃኒት ምክንያት መሆኑን ግን አደራ እንዳትነግሪያት።»

አነሳሁት። ሰዓቱ ፊት ለፊቴ፣ ቁጥሩ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

«እትዬ» አልኩ፣ «ምስሉ በጣም ደብዛዛ ነው፤ አልነበብ አለኝ።»