ሸራ የለበሰው ቤተ ክርስቲያን

"ደረጃ አለ፤ ሦስት። እግርሽን አንሺ እማዬ።"

"ሁለተኛው ላይ ነኝ። እንደ ጆንያ አትጎትቺኝ!"

ልጅ የእናቷን ክንድ ላላ አድርጋ ቀና ስትል ክው አለች። ሥዕሉ ከእናቷ የልብስ ስፌት መኪና በላይ ሠላሳ ዓመት የተሰቀለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከነጉልላቱ በሸራ ተሸፍኗል። ሸራው ላይ የራሱ የቤተ ክርስቲያኑ ፎቶ ታትሞበት፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር በሩም መስኮቱም ይርገበገባል። "ለእድሳት ተዘግቷል" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ባሕር ማዶ የመጡት ለእናት ዓይን ነው። ዓመት ሆኗታል ብርሃንና ጥላ ብቻ መለየት ከጀመረች። ትናንት ሐኪሙ፣ "ነርቩ ሞቷል፤ የሚደረግ ነገር የለም" አለ። ቋንቋውን የምታውቀው ልጅ ብቻ ነበረችና፣ "ጠብታውን ስድስት ወር ተጠቀሚ፣ መሻሻሉ አይቀርም ይላል" ብላ አስተረጎመች። ጠብታው ለዓይን ድርቀት የታዘዘ ነው። እናት ከሆስፒታሉ ሳትወጣ ቤት አስደወለች፤ የስፌት መኪናዋን ሊገዛ ለሚመላለሰው ሰው "አይሸጥም በሉት፤ ስፊልን ያሉኝን የሦስቱን ሙሽሮች ቀሚስም ተቀበሉ" አለች።

"እህ፣ ምን ይታይሻል?" አለች አሁን።

እውነቱን መናገር ቀላል ነበር። ትናንትም ቀላል ነበር።

"ልክ እንደ ሥዕሉ ነው። ጉልላቱ ያበራል። በሩ ላይ የተጠረበው ሐረግ ሳይቀር አለ።"

"ታዲያ ምነው ጭር አለ?"

"ገና ማለዳ ነው እኮ።"

"በይ ግድግዳውን ልዳስሰው። የመጣሁት ያንቺን ስብከት ልሰማ አይደለም።"

ልጅ ወደ ጎን ልትመራት ስትል እናት ቀድማ እጇን ዘረጋች። አርባ ዓመት ጨርቅ የለየ እጅ ነው። ሸራውን በሁለት ጣቷ ፈተግ ፈተግ አደረገችው፤ ጠርዙን አገኘች፤ ስፌቱን እየዳበሰች ተከተለችው።

"ፕላስቲክ" አለች። "ያውም ስፌቱ የዘለለ።"

"እድሳት ላይ ሆኖ ነው እማዬ። እንዳይከፋሽ ብዬ..."

"ጉልላቱም ጨርቅ ነው?"

"አዎ።"

"ሐረጉስ?"

"የታተመ ነው።"

ከሸራው ጀርባ የሠራተኞች መዶሻ ይንኳኳል። እናት ጥቂት አዳመጠችው።

"አፍሽ ከተፈታ አይቀር፣ የሐኪሙንም ድገሚልኝ። እሱ እንዳለው። ጥልፍ አትጨምሪበት።"

ልጅ ደገመችው። ከአንድ ትንፋሽ አላለፈም።

"ለሦስት ሙሽሮች ቃል አስገባሽኝ" አለች እናት።

"ይቅርታ እማዬ፤ እኔ እኮ..."

"ለወንድምሽ ደውዪ። ሰውየው መኪናውን ይውሰድ በዪው። የስልኩን ድምፅ ክፈቺው፤ የምትይውን ልስማ።"

ልጅ ደወለች። ስልኩ ሲጠራ እናት ከኮሌታዋ ላይ፣ ከታመመችም ወዲህ ያልተለያትን መርፌ በዳበሳ ነቅላ፣ የዘለለው ስፌት ላይ ሰካችው።