ከምግብ ጋር

«ምንድን ነው የዋጥሽው?» አለቻት ማሚቴ፣ ከውሃው በርሜል ጀርባ ድንገት ብቅ ብላ።

«የራስ ምታት ነው» አለች የሻረግ። ጣሳውን መለሰችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገች።

ውሸቷን ነው። የዋጠችው የስኳር ክኒን ነው፣ ያውም በባዶ ሆዷ። ወንድሟ ሀይሉ ከሞተ ዛሬ ሠልስቱ ነው፤ እሷም ከምትኖርበት ከግራና እየጮኸች እሱ ቤት መርሳ ከገባች ወዲህ ከጭብጥ ንፍሮ በቀር እህል አልቀመሰችም። ማሚቴ የሀይሉ ጎረቤት ናት፤ ከየቤቱ የሚመጣውን እዝን እየተቀበለች ሌማቱን ሞልታዋለች። ግን ጾሙ ዐቢይ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ማን ይነካል? ደግሞስ እኅት በወንድሟ ለቅሶ ስታላምጥ ትታይ? አይ ይሉኝታ! ስንቱን ጨረስክ።

ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ከሀይሉ ሚስት ከፍሬሕይወት ጎን ተቀመጠች። ፍሬሕይወት ሦስት ቀን ሙሉ ከአፏ ቃል አልወጣም ማለት ይቻላል። ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት አንገቷን ትነቀንቃለች፣ በቃ።

«ምን ያለ መካኒክ ነበር!» አለ በላይ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር፣ በጎኑ ላሉት በሹክሹክታ። «ሐራ መንገድ ላይ ሞተሯ ቀጥ ብትልብኝ በግማሽ ሰዓት ደረሰልኝ። ‹ያለ ዘይት ነዳሃት፣ አንተንስ ያለ ምሳ ቢነዱህ ደስ ይልሃል?› ብሎ ሰደበኝ።» ሰዎቹ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

የሻረግን ግን ‹ያለ ምሳ› የሚለው ቃል ወደ ኋላ መለሳት። የዛሬ ሁለት ወር ወልድያ ሐኪም ዘንድ ይዟት የሄደው እሱ ነበር። ስኳር አለብሽ ስትባል አለቀሰች፤ እሱ ሳቀባት። «እኔ እኮ ከያዘኝ ስድስት ዓመቴ ነው! ይኸው አለሁ አይደል? ብቻ ክኒኑን ከምግብ ጋር ነው የምትውጪው፣ አደራ።»

«ጾሙስ?»

«ለንስሐ አባትሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ለበሽተኛ ይፈቅዳሉ።»

ለእሷ መካሪ፣ ለራሱ ደንቆሮ! እሱማ ለንስሐ አባቱ ትንፍሽ አላለም። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ክኒኑን በውሃ ዋጥ ያደርግና እስከ ዘጠኝ ሰዓት መኪና ሥር ተጋድሞ ይውል ነበር። «ሀይሉ ጾም ገደፈ» ከሚባል ሞቱን መረጠ።

ወደ ስምንት ሰዓት ግድም የየሻረግ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላቡ ከግንባሯ ወረደ፤ ሰዉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታያት።

«ሐዘኑ ነው፣ ውሃ እርጯት» አለ አንዱ።

«ደክሟት ነው፤ ጋደም ትበል፣ ጋቢ አልብሷት» አለች ማሚቴ።

ፍሬሕይወት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «አታስተኟት!»

ፍሬሕይወት ጎንበስ ብላ የየሻረግን ግንባር በመዳፏ ዳሰሰች። «እሱም ልክ እንዲህ ነበር ያላበው። ደክሞት ነው ብዬ አስተኛሁት። ጋቢ አለበስኩት፣ በዚህ በእጄ! በዚያው ቀረ።» ትከሻዋን ይዛ ወዘወዘቻት። «እትዬ፣ አንቱም አለብዎት? በሀይሉ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ!»

የሻረግ ዙሪያውን አየች። የግራና ሰው አለ፣ የመርሳ ሰው አለ፣ የሀይሉ ንስሐ አባት ሳይቀሩ ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ዝም ብትል ወንድሟን እንደምትከተል ገብቷታል፤ ቢሆንም አፏ አልታዘዝ አላት።

«ስኳር አለብኝ» አለች በመጨረሻ። «ጠዋት ክኒን ውጫለሁ። ምንም አልበላሁም።»

«ውይ በሞትኩት! ራስ ምታት ነው ያልሽኝ እኮ!» ማሚቴ ሮጣ ስኳር በውሃ በጥብጣ መጣችና ብርጭቆውን ይዛ አጠጣቻት።

«ብዪ ልጄ» አሉ ቄሱ። «እግዚአብሔር ጾም እንጂ ሬሳ አልጠየቀም። ሀይሉም ቢነግረኝ ይህንኑ ነበር የምለው። ምነው ቢነግረኝ!»

በላይ ሐኪም ቤት ሊወስዳት መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ። እዝኑ ቀረበ። ፍሬሕይወት እጇን ታጥባ በሽሮ አጎረሰቻት፤ ደገመቻት። የሻረግ ዓይኗ ሲጠራላት የፍሬሕይወትን የደረቀ ከንፈር አየች።

«አንቺስ?»

«ለማን ብዬ፣ እትዬ?»

«ለእኔ።»

የሻረግ ገና በሚንቀጠቀጥ እጇ እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮውን ጠቅልላ ዘረጋችላት። ሽሮው በጣቶቿ መካከል ይንጠባጠባል። ቄሱ እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። ፍሬሕይወት እንባዋ እየወረደ አፏን ከፈተች።