ትንሿ ቁጥር

ጤነኛ ሰው አንድን ነገር በአንድ ጠዋት ስንት ጊዜ ቢጠይቅ ነው የሚያሰጋው? ሁለት ጊዜ ከሆነ ወይዘሮ ዘርፉም መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ። ሦስትስ? ሠላሳ አንድ ዓመት የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርተዋል፤ የስንቱን ሰው ሕመም በእጃቸው ጽፈዋል። ለዚህ ግን መልስ የላቸውም።

«አኮ፣ ፎጣዬን አየሽው?» አለ መርዳሳ ለሦስተኛ ጊዜ።

«አንገትህ ላይ ነው፣ የኔ ጌታ።»

«እህ» አለና በእጁ ነካው። አላፈረም፣ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ።

የልጅ ልጃቸው ነው፤ «አኮ» የሚላቸው በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው። አባቱ ፈይሳ ወደ አውስትራሊያ ይዞት ሲሄድ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ይዞት የሄደው አማርኛም ከዚያ ወዲህ አላደገም፤ ዛሬም እንደ ሕፃን «አንቺ» ይላቸዋል። አሁን ሃያ ስምንት ሞልቶታል። አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፣ ግራ ትከሻው ውስጥ ብረት አለ፣ ጆሮዎቹ ተጨማደው እንደ ሊጥ አብጠዋል። ሥራው ራግቢ ነው። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ኳስ ተጫዋች» ብለው ያልፋሉ፤ ማስረዳቱ ያደክማቸዋል። ኳሱ የእንቁላል ቅርጽ አለው፣ በእጅ ይያዛል። አንዱ ቡድን ስድስት ጊዜ ተጠልፎ እስኪወድቅ ድረስ ይዞት ይገፋል፤ ከዚያ ለሌላው ይለቃል። መርዳሳ ከፊት ተሰላፊዎቹ አንዱ ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ ተቀብሎ፣ እየሮጡ ከሚመጡ ሦስት ሰዎች ጋር በሙሉ ኃይሉ ይላተማል፤ ይነሳና እንደገና ይላተማል። እሱ በከፈተው መንገድ ሮጦ ነጥብ የሚያስቆጥረው ሌላ ነው። በዘጠኝ ዓመት፣ በመቶ አርባ ጨዋታ፣ እሱ ያስቆጠረው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ዘርፉ ጨዋታውን በስልክ ሲያዩ ነጥብ አይቆጥሩም። የሚቆጥሩት ወድቆ እስኪነሳ ያለውን ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ተነሳ። ባለፈው ነሐሴ እስከ አርባ ስድስት ቆጠሩ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ሲስት ያ አምስተኛው ነበር።

ከኅዳር ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያስጠኑታል። አሥር የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ጊዜ ያነቡለታል፤ እሱ ሳያይ ይመልሳል። ደብተራቸው ላይ በአማርኛ ፊደል ጽፈውታል፦ ብሪጅ፣ ስፑን፣ ሆርስ፣ ዊንዶው… መጀመሪያ የጭንቅላት ስፖርት ነው ብሏቸው ነበር። የክለቡ ሐኪም የሚፈትንባቸው ቃላት መሆናቸውን፣ ዝርዝሩንም የቡድን ጓደኛው በድብቅ የላከለት መሆኑን የነገራቸው ባለፈው ሳምንት ነው። እሳቸው ከራሳቸው የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ካርድ ክፍል የማንም ካርድ ሲከፈት መጀመሪያ ቀን ይጻፋል። ስለዚህ ከቃላቱ በፊት ግድግዳው ላይ ካለው የዱቄት ፋብሪካ ካላንደር ፊት አቁመው ቀኑን ያስነብቡታል።

«ዛሬ ማን ነው?»

«ሐሙስ።»

«ስንት?»

«አሥራ አራት። ጥር። ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።»

«ጎሽ።»

ባጃጁን ግቢያቸው የሚያሳድረው ኡበይደላ መስታወት እየወለወለ ነበር። «እማማ ዘርፉ፣ ይሄን ልጅ ስጭነው ወላሂ ጎማዬ ያለቅሳል!» አለ። መርዳሳ ወደ ጓሮ እስኪያልፍ ጠበቀና ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትናንት ሶደሬ ስወስደው፣ መንገድ ላይ የት ነው የምንሄደው አለኝ። ዋና አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ጅቡቲ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«እሺ አለኝ።»

ኡበይደላ ሊስቅ ብሎ ፊታቸውን አየና ጨርቁን ጨመቀ።

ነፋሱ አቧራውን በአጥሩ ላይ ያሻግራል። ወይዘሮ ዘርፉ ወደ ቤት ገቡ። መርዳሳ ጠረጴዛው ላይ ስልኩን በውሃ ማሰሮ አስደግፎ ተቀምጧል። የክለቡ ሐኪም አራት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ይደውላል።

«ካለፍክስ?» አሉት።

«በሳምንቱ እሄዳለሁ። ሁለት ዓመት ያስፈርሙኛል።»

«ካላለፍክስ?»

«አበቃ።»

«አባትህ ግን የሚለው፣ አንዴ ደግሞ ከተመታ…» ብለው ቆሙ። ፈይሳም በስልክ ይህን ነገር ጨርሶት አያውቅም።

«ሌላ ምን እችላለሁ አኮ?» አለ። አልተቆጣም፤ እንደ ፎጣው ነበር የጠየቀው። «ንገሪኝ፣ እሱን እሠራለሁ።»

ከእሱ ፊት ለፊት፣ ከካላንደሩ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ደብተሩን ታቅፈው ተቀመጡ።

ስልኩ ጮኸ። ስልኩ ጀርባውን ለእሳቸው ስለሰጠ የሐኪሙን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ ቀስ ያለ፣ ደግ የሚመስል የወንድ ድምፅ። እንግሊዝኛቸው ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም፤ ወርና ቁጥር ግን ይሰማሉ። ሐኪሙ ወሩን ጠየቀ። ጃንዋሪ አለ መርዳሳ። ዕለቱን ጠየቀ። ሐሙስ አለ። ቀኑን ጠየቀ።

መርዳሳ እንደ ጠዋት ልማዱ ዓይኑን ከእሳቸው ራስ በላይ ወደ ካላንደሩ አነሳ።

«አሥራ አራት» አለ በእንግሊዝኛ።

ሐኪሙ ዓመቱን ጠየቀ።

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

«አሁን አንተ ባለህበት ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት።»

የወይዘሮ ዘርፉ ጣቶች ደብተሩ ላይ ደረቁ። ካርድ ክፍል በየወሩ ለፈረንጆቹ የሚላከውን ሪፖርት የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ጥር ሲሆን ስምንት ቀንና ስምንት ዓመት ይደመራል፤ እንቅልፍ ላይም ሆነው ይደምሩታል። ካላንደሩም ቢሆን ከየትልቁ ቁጥር ሥር የፈረንጆቹን ቀን በትንሿ አትሞታል። ለምን ትንሿን አንድ ቀን እንኳ አላስነበቡትም? ረስተው ነው? ደግሞስ፣ ሃያ ዓመት እዚያ አገር የኖረ ጤነኛ ሰው ካላንደር አይቶ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ይላል?

«አጠገብህ ሰው አለ?» አለ ሐኪሙ።

«አያቴ።»

«እባክህ ስልኩን ወደ እሷ አዙረው።»

መርዳሳ አዞረው። ሐኪሙ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ ዘርፉ ብድግ አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሐኪም ሲያናግራቸው ተነስተው ነው። ሲቆሙ ራሳቸውና ነጠላቸው ካላንደሩን ከለሉት። ለአክብሮት ይሁን ለሌላ፣ እሳቸውም አላወቁትም።

ሐኪሙ ቃሉን አንድ በአንድ እየለዩ ጠየቋቸው። ዛሬን በትክክል ነግሮኛል?

አንድ እርምጃ ወደ ጎን ማለት ይበቃ ነበር። ወይም ሁለት ቃል፤ ኢትዮጵያን ካላንደር። ሁለቱም ቃል አፋቸው ውስጥ ነበር። ከመርዳሳ ጆሮ በላይ ያለውን ጠባሳ አዩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…

«ኖ» አሉ። «ኖ፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ አመሰገኗቸው። ለመርዳሳ ረጋ ብለው ጥቂት ነገር ነገሩት። ከመካከሉ ወይዘሮ ዘርፉ ይቅርታ የሚለውንና የአባቱን ስም ለዩ። ስልኩ ጠፋ። ቃላቱን ሐኪሙ ጭራሽ አልጠየቁትም።

መርዳሳ ጥቁሩን ስልክ እያየ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ብሪጅ፣ ስፑን፣ ሆርስ፣ ዊንዶው…» ብሎ ጀመረ። ወይዘሮ ዘርፉ ሳያስቡት ደብተሩን ገልጠው በጣታቸው ተከተሉት። አሥሩንም ተወጣቸው። አንድም አልዘለለም።

ተነስቶ ወደ እሳቸው መጣ። ፈቀቅ አሉለት። ካላንደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አሥራ አራትን ፈለገ፤ አውራ ጣቱን አስቀመጠበት፤ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወደ ትንሿ አወረደው። ሃያ ሁለት ይላል። የጣቱ ጥፍር ጥቁር ነው፤ ከነሐሴ ወዲህ ገና አልለቀቀም።

«መርዳሳ» አሉት። «ልጄ። ምሳ ልሥራልህ?»

ዓይናቸውን አያቸው። ንዴት ፈለጉበት፤ ቢያገኙ ይሻላቸው ነበር። ጫማውን አጠለቀ፣ ክሩን ሳያስር። ጎንበስ ብሎ በበሩ አለፈ፤ የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ። ፎጣው አንገቱ ላይ ነበር።