በመሳቢያ የተቆለፈው ውጤት

እናትህ የምትጠጣው ውሃ እንደተበከለ እያወቅህ ዝም ትላለህ? የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ዝም በይ ተባለች። እናቷና ምእመኑ የሚጠጡትን የጸሎት ቤቱን ምንጭ ውሃ በጠርሙስ አምጥተው መርምሩልኝ ያሉት ሰባኪው ራሳቸው ናቸው። ባክቴሪያው ሲርመሰመስ በማይክሮስኮፕ አይታ ውጤቱን ጻፈች፤ አለቃዋ ግን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

«ምእመኑን አታስቆጪብኝ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ሰባኪው እኮ ውጤቱን እየጠበቁ ነው!»

«እሳቸው እግዜር አላቸው፤ እኔ ያለችኝ ይቺ ወንበር ናት።»

እናቷን አትጠጪ ብትላት፣ «ቢበከል ሰባኪው ይነግሩን ነበር» ብላ ጠጣች፤ በሳምንቱም በተቅማጥ ወደቀች። ባለሙያዋ በንዴት ጦፋ ምእመኑ ወደተሰበሰበበት ጸሎት ቤት ገባች። አለቃዋ ከፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይዘዋል? ውሃው ምን እንዳለበት እዚሁ ሕዝቡ ፊት ይናገሩ!»