የጋሽ ጌጡ ፎቶ

የልጆቹ ፀጉር ርሶ ነበር። ታብሌቱ ላይ፣ «1» የሚል ቁጥር ባለበት ፎልደር ውስጥ፣ ነጭ የለበሱ ልጆች እየሳቁ ይሯሯጣሉ፤ ፀጉራቸውም ነጠላቸውም ውሃ ነው። አይቼዋለሁ። መስከረም ዝናብ መች ያጣል ብዬ አለፍኩት። ጥምቀት መሆኑ፣ ውሃውም ጸበል መሆኑ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ልጄ ሄርሜላ ፎቶ አንሺ ናት። ሰርግም ይሁን ክርስትና ወይም ምርቃት፣ የጠሯት ቦታ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ያነሳችውን ከካሜራው ካርድ ወደ ታብሌቱ ትገለብጥና ካርዱን ለነገ ባዶ ታደርገዋለች። ታብሌቱ ላይ የሌለ ፎቶ እንግዲህ የትም የለም። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ግን ዓይናቸውን የጨፈኑትንና የደበዘዙትን እየለየሁ የማጠፋላት እኔ ነኝ። ታብሌቱን የምይዘው እጄን ታጥቤ ነው። ይወድቃል፣ ሌባ ይገባል፣ ጣራው ያፈሳል እያልኩ በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ያልፈራሁት ጣቴን ብቻ ነበር።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ምርቃቱ ተደራረበ። ሄርሜላ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ታብሌቱ መሙላቱን ነገረችኝ። እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን ሰዎቹ ስለወሰዱት እሱን አጥፍቼ ቦታ እንዳስለቅቅላት፣ የጠፋው ከሚጠራቀምበት ቅርጫትም ካልጠፋ ቦታ እንደማይለቅ አስረድታኝ ወጣች። ፎቶዎቹ በየወሩ ተከፍለው ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው፤ ከአንድ እስከ ሰባት። በጣቴ ቆጠርኩ። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት፣ ኅዳር ሦስት፣ ታኅሣሥ አራት፣ ጥር አምስት። የመጀመሪያውን ፎልደር ገለጥ አድርጌ እነዚያን ልጆች አየሁ፤ ሌላውን አልከፈትኩም። ከአንድ እስከ አምስት ያለውን አጠፋሁ፤ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ። ታብሌቱ የሚቆጥረው የፈረንጅ ወር መሆኑ፣ የእሱ አንድ የእኛ ጥር መሆኑ፣ ባሰብኩት ነገር ሁሉ ውስጥ አልነበረም።

ሄርሜላ ማታ ደክሟት መጣች። ቦታው መለቀቁን ስታይ ግንባሬን ሳመችኝና የምርቃቱን ፎቶ ገልብጣ ተኛች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ገለበጠች።

ካጠፋሁት ውስጥ አብዛኛው ለባለቤቶቹ ደርሷል። ያልደረሰው የጋሽ ጌጡ ነበር።

ጋሽ ጌጡ ከእኛ ፊት ለፊት፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሸማኔ ነበሩ። ፎቶ አይወዱም። ለመታወቂያ አንዴ ተነሥቻለሁ፣ እሱም ፖሊስ እንዳይዘኝ ብዬ ነው ይሉ ነበር። በትንሣኤ ሳምንት ግን ሄርሜላ ለምና አሳምናቸው ሦስት ፎቶ አነሳቻቸው። እኔ ያን ሳምንት ታምሜ ተኝቼ ስለነበር ፎቶዎቹን አልለየሁም፣ አላየሁምም። አሳትማለሁ እያለች ዛሬ ነገ ስትል ሐምሌ ገባ። ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ጋሽ ጌጡ ሥራ ላይ እንደተቀመጡ ሞቱ።

ሰልስቱ እንደወጣ ባለቤታቸው እትዬ ዓለሜ ፎቶውን ጠየቁ። ለአርባው በትልቁ እንዲታጠብላቸው ነው። የመታወቂያው ላይ ማኅተሙ ግማሽ ፊታቸውን ሸፍኖታል። ሄርሜላ ታብሌቱን ይዛ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች።

«እማዬ፣ ሚያዝያ የታለ?»

ምን እንዳደረግሁ በጣቴ እየቆጠርኩ አሳየኋት። ኅዳር ላይ ስደርስ እጄን ያዘችው።

አዲሱ ገበያ ፈሀድ የሚባል የሞባይል ጠጋኝ አለ፤ የጠፋ ፎቶ ያወጣል ብለው ነገሯት። ታብሌቱን ሁለት ቀን አቆየው። የምርቃቱ ፎቶ ከላዩ ስለተጻፈበት ምንም እንዳልቀረ፣ በጠፋበት ዕለት ቢመጣለት ኖሮ አንድ ነገር ያደርግ እንደነበር ነገራት። ይህን እየነገረችኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ለእትዬ ዓለሜ ወዲያው እንንገራቸው አለች። እኔ ደም ግፊት አለባቸው፣ ይወድቃሉ፣ ሁለተኛ ለቅሶ እናመጣለን ብዬ ለመንኳት። እትዬ ዓለሜ ሲጠይቁኝ ማተሚያ ቤቱ መብራት የለውም አልኳቸው። ሌላ ቀን ማሽኑ ተበላሸ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ አይዞሽ፣ ይደርሳል ይሉኛል። ሌሊት እነቃና ጥር አምስት፣ ጥር አምስት እላለሁ።

የአርባው ዋዜማ ሄርሜላ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ እኔ ካልነገርኩ ስትመለስ ራሷ እንደምትነግራቸው አስጠነቀቀችኝ። ወደ ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዓለሜ ናቸው። ገብተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና፣ ዝናቡ እንዳይነካው ነጠላቸው ውስጥ የሸጎጡትን አወጡ። መስታወት ያለው ትልቅ ፍሬም ነው። ባዶ። ጉልበታቸው ላይ አቁመው በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ወለወሉት።

«ጽጌ፣ ያልታጠበም ቢሆን በስልክ አሳዪኝ። ፊቱ እየጠፋብኝ ነው።»

ተነሣሁ። ውሃ ልስጣቸው፣ አልስጣቸው ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ወሩን፣ አቆጣጠሩን፣ ቅርጫቱን፣ ፈሀድን። ያቋርጡኛል ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ማሽኑ ተበላሸ ያልሽኝስ?»

«ዋሸሁዎት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቡታጋዙን ዘግተዋል ወይ እያልሽኝ ነው የኖርሽው» አሉ። ድምፃቸውን አላነሡም። ግድግዳው ላይ የሄርሜላን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩ፤ የማያውቋቸው ሙሽሮች ናቸው።

«ምን ለብሶ ነበር?»

ጋቢ ብል ያምኑኛል። የሠሩትን ጋቢ ለብሰው ይስቁ ነበር ብል ያንን ይዘው ይሄዳሉ። አፌ ላይ መጣ።

«አላየሁትም፣ እትዬ ዓለሜ። ሳላየው ነው ያጠፋሁት።»

«እኔም አላየሁትም» አሉ። «ታጥቦ ሲመጣ አየዋለሁ ብዬ።»

ፍሬሙን መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡትና ወጡ። ልደግፋቸው ስል ክንዳቸውን ሸሸት አደረጉ። ባዶ ፍሬም ታቅፈው፣ በዝናብ፣ ግቢውን ሲያቋርጡ ይወድቃሉ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አልወደቁም። ገብተው ዘጉ።

ሄርሜላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ገባች። ፊቴን አይታ ሳትጠይቀኝ ቦርሳዋን አስቀመጠች። የግቢውን በር የሚቆልፉት ድሮ ጋሽ ጌጡ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ መግባቱን አይተው ነው። እትዬ ዓለሜ ከቤታቸው ሆነው ቆለፍከው ወይ ይሏቸው ነበር። ጋሽ ጌጡ ከሞቱ ወዲህ የምቆልፈው እኔ ነኝ፤ እትዬ ዓለሜም በየምሽቱ፣ መስኮታቸውን ገርበብ አድርገው፣ ቆለፍሽው ወይ ይሉኛል።

ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። መብራታቸው በርቷል፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነው። መወርወሪያውን አስገባሁ። ሰንሰለቱን ሁለቴ አዞርኩ። ይጠይቁኛል ብዬ ዝናቡ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ አልጠየቁኝም። ቆለፍኩት።