የክንዱ ደንብ

«እትዬ፣ ጸደቀ» አለ ከመሥሪያ ቤት የመጣው ይትባረክ ገና ከድንኳኑ ሲገባ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

የፀሐይወርቅ ባል የክንዱ ሳልስት ነበር። ከጣና የሚነሳው ነፋስ ሸራውን ያርገበግባል፤ ከመራዊ የመጡ ዘመዶች ንፍሮ ይዘግናሉ።

«ምኑ ነው የጸደቀው?»

«የጋሼ ክንዱ ደንብ። ዛሬ ጠዋት ቦርዱ ተቀበለው።»

የሟቹ ባልደረቦች ከየመቀመጫቸው ተጠጉ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው አንዱ የአንዱን እጅ ጨበጠ። የፀሐይወርቅም ልብ ድው ድው አለ፤ ክንዱ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አልመታም ነበር።

ክንዱ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የሚያልፍበትን ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ነበር። የሚላከውና የሚመጣው መልእክት ሁሉ ለዓመታት እንዲቀመጥ ግዴታ አለ። አምና አንድ ኃላፊ ከክምችቱ ውስጥ እናትዓለም የምትባል ሠራተኛ ለሐኪሟ የጻፈችውን አውጥቶ አነበበ፤ ሕመሟ የቢሮው ሁሉ ወሬ ሆነ። ክንዱ ያን ዕለት እህል አልቀመሰም።

«ማስቀመጥና ማንበብ አንድ አይደለም» አላት ለሚስቱ። «የሥራው ይቀመጥ። የሰው ገመና ግን ባለቤቱ ሳያውቅ ማንም እንዳይከፍተው።»

«ለመሆኑ ምን ብላ ነበር የጻፈችው?»

«እኔም አላነበብሁት» አላት።

ሐሳቡን ደንብ አድርጎ አቀረበ። አለቆቹ ተቆጡት፤ ዕድገትም ከለከሉት። እሱ ግን አልተወም።

ይትባረክ አሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ የሚከፈተው የእሳቸው የኢሜይል ሳጥን ነው። የሥራው ወደ ክምችቱ ይገባል። የግላቸውን ለእርስዎ እንስጥ ወይስ እናጥፋው? ቃልዎን ነው የምንጠብቀው።»

ፀሐይወርቅ ቀና አለች። ገና ያልሰማችው የክንዱ ቃል፣ በራሱ አነጋገር፣ እዚያ አለ ማለት ነው።

«ስጡኝ፤ ዛሬውኑ» አለች።

ጥግ ላይ የነበረችው እናትዓለም ተነስታ መጣችና አጠገቧ በርከክ አለች።

«ፀሐይዬ፣ እኔም የጻፍሁለት አለ» አለቻት በጆሮዋ። «ያኔ የምነግረው ሰው አጥቼ ነው። እሱ ለማንም አልተናገረብኝም።»

«ለእኔም አልነገረኝ» አለች ፀሐይወርቅ።

ስንቱ እንዲህ እንደጻፈለት አሰበች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፏ ግን አልተሰበረም።

«ይጥፋ» አለችው ይትባረክን። «እሱ ቢሆን ይኸንኑ ነበር የሚለው።»

ይትባረክ እሺ ብሎ ወጣ። ፀሐይወርቅ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች፤ ነጠላዋን ዘርግታም ግማሹን በእናትዓለም ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።