የሙህዲን ወቃሽ

«እጁ ወርቅ ነበር፤ አላህ ይማረው» አሉ ከዋጃ የመጡት ሽማግሌ፤ ድንኳኑም «አሚን» አለ። ፈሪሀ ውሃ እያደለች ሰማቻቸው። ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ አባቷን ሙህዲንን ያላመሰገነ ሰው አልነበረም፤ ምስጋናው ግን ከዓይኗ ጠብታ እንባ አላወጣም። ያንገበገባት የብየዳ ቤቱ ነገር ነበር። ወንድሟ ሰላሁዲን ለቅሶው እንዳበቃ ቤቱን ለአንድ የጎብዬ ነጋዴ ለእህል መጋዘን ሊያከራየው ቃል ገብቷል። «አንቺም ታርፊያለሽ» ነበር ያላት፤ ከአባቷ ጎን ስትበይድ ማደጓን እንደ ሸክም ቆጥሮት።

ሙህዲን ራሱ መቼ ማረፍ ያውቅና። የማሽላ መውቂያ ማሽን ሠርቶ ቆቦን ጉድ ካሰኘ በኋላ እንኳ፣ መከር ባለፈ ቁጥር ፈታትቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። አዲስ የሠራውን መጀመሪያ የሚሰጠውም ለወዳጅ ሳይሆን ለሮቢቱ ገበሬ ለደምሴ ነበር፤ በራያ ሜዳ እንደ ደምሴ ያለ አፈኛ የለም። የመጀመሪያው ማሽን ፍሬውን ሲሰባብረው፣ አውድማው ላይ በሰው ፊት «ይኼ መውቂያ ነው ወይስ ወፍጮ?» ብሎ አዋረደው። ትንሿ ፈሪሀ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሙህዲን ግን የተሰባበረውን ማሽላ ኪሱ ከቶ እየሳቀ ተመለሰ። «የሚያመሰግነኝ ያስተኛኛል ልጄ፤ እንጀራዬ ያለው ከሚወቅሰኝ ዘንድ ነው» አላት። ያን ሰሞን አባትና ልጅ ፍሬው ሳይሰበር እንዲያልፍ የማሽኑን ወንፊት ሲያሰፉ ከረሙ። ደግ ዘመን ነበር።

ቀትር ላይ ደምሴ ራሱ መጣ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ግን አፉን መያዝ አልቻለም።

«ያ አዲሱ ማሽን፣ ገለባውን ዓይኔ ውስጥ ነው የሚተፋው።»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። «ጋሼ ደምሴ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉን እንጂ» አለ ሰላሁዲን።

«ልተወው ብዬ ነበር የመጣሁ» አለ ደምሴ። «ግን ለማን ልናገር? ስወቅሰው ደስ የሚለው ሰው እሱ ብቻ ነበር።»

የፈሪሀ እንባ ያኔ መጣ። የወንዶች ቦታ ነው ሳትል አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ሰላሁዲን፣ ነጋዴውን ይቅርታ ጠይቀው። ቤቱ አይከራይም» አለች። ወንድሟ አቀረቀረ። እሷ ወደ ደምሴ ዞረች።

«ነፋሱ ከየት ሲመጣ ነው?»

«ከአፋር በኩል።»

የምንጣፉን ጫፍ ገልጣ፣ የገለባውን መውጫ ወደ ሌላ ጎን አዙራ አፈሩ ላይ በጣቷ ነደፈችለት። ደምሴ ዓይኑን በኩታው ጠረገና አጎንብሶ አየው። ከዚያም በመዳፉ አጠፋው።

«አይሆንም» አላት።

ፈሪሀ እንባዋን ሳትጠርግ እንደገና ነደፈች።